ጉም ውስጥ የገባችው ጎል

የሸዋንግዛውን ሞት የሰማሁት ከሬዲዮ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጌ ከፍቼዋለሁ። የስፖርት ዜናው ሊያልቅ ሲል አንዲት ልጅ በጥድፊያ፣ «ከመንዝና አካባቢው ለረጅም ጊዜ የስፖርት ዘገባ ሲያቀብለን የነበረው ባልደረባችን ባደረበት ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» አለችና ወደ ማስታወቂያ አለፈች። የመሃል ሜዳ ከተማ ተወላጅ ነው አለችው። አልነበረም፤ የሞላሌ ልጅ ነው። እሱ ቢሰማት «ማን ነገረሽ? ሄደሽ አይተሻል?» ብሎ ያፋጥጣት ነበር። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ሐዘኑ መጣ፣ ግን ቀድሞ የመጣው እፍረት ነው። ሸዋንግዛውን ሳስብ ሁሌም እንዲህ ነው፤ እፍረቱ ይጋባብኛል። የሰው እፍረት እንደ ጉንፋን እንደሚጋባ ያወቅኩት ከእሱ ጋር ስኖር ነው።

ሲጀመር የሬዲዮ ሰው አልነበረም። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፤ በግ ሲከትብና በግ ሲመረምር ይውላል። አጭር፣ ጆሮው ሰፊ፣ ክረምት ከበጋ አንገቱን በሱፍ ሻርፕ የሚጠቀልል ሰው ነው። እጁ ሁልጊዜ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ድምፁ ግን ከዚያ ቁመት ይወጣል ብሎ የሚገምት አልነበረም። ከአንዱ ተረተር ላይ ቆሞ «የነገው ክትባት ታች ወንዙ ዳር ነው!» ሲል ከገደሉ ማዶ ያለው መንደር ሰምቶ «እሺ!» ይላል። የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ሞላሌ የተመደብኩ ሰሞን፣ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ የሰማሁት ይህን ድምፅ ነው። የተጣላ ሰው መስሎኝ ለመገላገል ከቤት ወጥቼ ነበር።

ወደ ኳስ ያመጣውም ይኸው ጉሮሮው ነው። በየክረምቱ ተማሪዎች ከያሉበት ወደየቤተሰቦቻቸው ሲመለሱ የየከተማው ቡድኖች ይጋጠማሉ፤ ሞላሌ ከዘመሮ፣ ዘመሮ ከራቤል። የእኛ ሜዳ ከከተማው በላይ፣ የቆላው ገደል አፋፍ ላይ ያለች፣ ወደ አንድ ጎኗ ያዘነበለች ቦታ ናት። ተመልካቹ ከበላይዋ ካለው ተዳፋት ላይ ይቀመጣል። ቀበሌው ለስብሰባ የሚጠራበት አንድ ሞንታርቦ ነበረው፤ ስለ ማዳበሪያውም፣ ስለ እርከን ሥራውም፣ ስለ ምርጫውም የሚለፈፈው በእሱ ነው። አንድ ክረምት ሸዋንግዛው ሊቀመንበሩን ደጅ ጠንቶ ሞንታርቦውን ሜዳ አወጣው። ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘው፤ ጠረጴዛ ተከለ፤ ማይክራፎኑን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገና ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሞላሌ ላይ ያለ ሸዋንግዛው ኳስ ማየት ያለ ጨው ወጥ መብላት ሆነ።

እንደ ሌላው «ሰባት ቁጥር ለዘጠኝ ቁጥር» አይልም። ለነገሩ ማልያዎቹም ቁጥር አልነበራቸውም። ልጆቹን የሚጠራቸው በእናቶቻቸው ነው።

«ኳሷ የእትዬ ዘርፌ ልጅ እግር ላይ ናት! የእትዬ ዘርፌ ልጅ ለእማማ በለጥሻቸው ልጅ ሰጠ! የእማማ በለጥሻቸው ልጅ ግን፣ ኧረ ምን ነካው፣ ለዘመሮ አቀበለ! እማማ፣ ዛሬ ይህን ልጅ እራት እንዳይሰጡት!»

ተዳፋቱ በሳቅ ይናጋል። በአባቶቻቸው የማይጠራቸው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኩት። የበግ ደም የነካው ጋዋኑን እያጠበ ነበር።

«የአባቶቹ ስምማ በዕድሩም በፍርድ ቤቱም በቀበሌውም ይጠራል» አለኝ። «የእናቶቹን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ ማን አለ? ሲሞቱ ቄሱ፤ እሱም በክርስትና ስማቸው።»

እውነቱን ነው። እናቶቹ መጀመሪያ ሁለትና ሦስት ሆነው፣ ከገበያ ሲመለሱ ድንገት ያለፉ መስለው ብቅ አሉ። በቀጣዩ ክረምት አንዱን የተዳፋት ጎን ያዙት። ብርድ አይደፍረው የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው፣ እንዝርት እያሾሩ፣ ሱፍ እየፈተሉ ኳስ ያያሉ። የጨዋታው ሕግ ብዙም አይገባቸውም፤ ስማቸው ሲጠራ ግን እልል ይላሉ። ከሁሉም የእትዬ ዘርፌ እልልታ ይለያል። መጀመሪያ ቀጠን ብላ ትነሳለች፣ ከዚያ ትወፍራለች፣ መጨረሻዋ ላይ ትሰበርና እንደገና ትቀጥላለች። በጥምቀትም፣ በሰርግም፣ በዓመት ንግሡም ያቺ ድምፅ ስትሰማ ሰው ሳያይ «ዘርፌ መጣች» ይላል። ባላቸው የሞተባቸው ሱፍ ፈታይ ናቸው ብላችሁ ግን «አንቺ» እንዳትሏቸው፤ እኔም አንድም ቀን ብያቸው አላውቅም። ኩሩ ሴት ናቸው። ያላቸው ልጅ ግርማቸው ብቻ ነው፤ የእኛ ግራ ክንፍ ተጫዋች፣ ፈጣን፣ በክፍል ውስጥ ግን ከኋላ ወንበር የማይነሳ ተማሪዬ። ያን ዓመት ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ቡድን መስከረም ላይ መጥቶ እንዲሞከር ጠርቶት ነበር። እትዬ ዘርፌ ለመንገዱ የሚለብሰውን ሹራብ ሜዳ ዳር ተቀምጠው ይሠሩለት ነበር።

ሸዋንግዛው የማይችለው አንድ ነገር ዝምታ ነበር። ኳሷ አንዳንዴ ገደል ትገባለች። አንድ ጉልበተኛ ወርዶ ይዟት እስኪወጣ ሃያ ሁለቱም ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ማይክራፎኑን አጥፍቶ ያርፋል። እሱ ግን «ኳሷ ቆላ ወርዳለች፤ ዘመድ ጠይቃ እስክትመለስ ድረስ ጆሮዋ የተበሳ ጥቁር በግ የጠፋችበት ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ» ይላል። ከዚያ የክትባቱን ቀን ይነግራል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ የዘመሮን ግብ ጠባቂ ጫማ ያደንቃል። ዝም ያለ ሰው የተኛ ይመስለው ነበር። ስንስቅ ይብስበታል።

እንግዲህ ያቺ ቀን። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ ተፈትቶ ሰዉ ሁሉ ፊቱ በርቶ፣ ሞላሌና ዘመሮ ለዋንጫ ደረሱ። ዋንጫ ስል አንድ የሰባ ሙክት ነው፤ ከጎሉ ኋላ ታስሮ ሣር ይግጣል። እስከ እረፍት ባዶ ለባዶ ነበሩ። ከእረፍት በኋላ ከቆላው በኩል ጉም ተነሳ። የእኛ አገር ጉም አያስጠነቅቅም፤ ገደሉን ወጥቶ ያገኘውን ይውጣል። መጀመሪያ የማዶው ጎል ጠፋ፤ ከዚያ ተጫዋቾቹ፤ ከዚያ ከፊታችን ያለው የኖራ መስመር። ዳኛው ያስቆመዋል ብለን ብንጠብቅ ፊሽካ የለም። ኳስ ስትመታ ዱብ የሚል ድምፅና የልጆች ጩኸት ብቻ ይሰማል።

ተዳፋቱ ላይ ያለው ሰው ይቁነጠነጥ ጀመር። «ማን ያዛት? ወዴት ናት?» ይባባላል። ከእናቶቹ አንዷ «ሸዋንግዛው! አንተ እንኳ አታይልንም?» ብላ ጮኸች።

ከጎኑ ተቀምጬ ነበር፤ የተቀያሪዎችን ስም የማቀብለው እኔ ነበርኩ። እኔ ከማየው የተለየ ነገር አላየም። በሁለታችንም ፊት ያለው ነጭ ነገር ብቻ ነው። ሻርፑን ላላ አደረገ፤ ማይክራፎኑን አስጠጋ፤ ጀመረ።

ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ ሲያወራ አልሰማሁም። የሌለ ጨዋታ ፈጠረ። የእማማ በለጥሻቸውን ልጅ አስጣለው፤ የዘመሮን ተከላካይ አስወደቀው፤ ኳሷን ከቀኝ ወደ ግራ ወሰዳት፣ ከግራ ወደ ቀኝ መለሳት። ሕዝቡ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይቀመጣል። ጉሙን ረሳነው። እኔ ራሴ፣ ምንም እንደማያይ እያወቅሁ፣ ልቤ ተሰቅሎ ነበር።

«የእትዬ ዘርፌ ልጅ በግራ በኩል ወጣ! አንዱን አለፈ! ሁለተኛውንም አለፈ! እትዬ ዘርፌ፣ ይህን ልጅ ምን አብልተው ነው ያሳደጉት? አሁን ጎሉ ፊት ለፊት ነው...»

ይህን ሲል ከጉሙ ውስጥ ረጅም ፊሽካ ተነፋ። ወዲያው የብዙ ልጆች ጩኸት መጣ፤ «ግርማቸው! ግርማቸው!» ይላሉ። ሸዋንግዛው ከወንበሩ ተነሳ።

«ጎል! ጎል! የእትዬ ዘርፌ ልጅ አገባ!»

ተዳፋቱ ተነቃነቀ። ሰው ተቃቀፈ፤ አንዱ ከበሮውን ያዘ። እትዬ ዘርፌ ባናቸውን ጥለው ቆሙና ያቺን እልልታቸውን አወጧት። ሴቶቹ ከበቧቸው፤ ጉንጫቸውን ይስሟቸዋል። እልልታዋ ትሰበርና ትቀጥላለች፣ ትሰበርና ትቀጥላለች። ሸዋንግዛውም በሞንታርቦው «ይጨምሩ እትዬ! ይገባዎታል!» ይላል።

ጉሙ አመጣጡ ድንገት እንደነበር አካሄዱም ድንገት ሆነ። ኳሷ ከሜዳው መሃል ብቻዋን ተቀምጣለች። ጎሉ አጠገብ ሰው የለም። ልጆቹ በግራው መስመር በኩል ክብ ሠርተዋል፤ ሁለቱ ወደ እኛ ዞረው እጃቸውን እያወናጨፉ ይጮኻሉ፤ ሞንታርቦው አላሰማን ብሎ ነው እንጂ ሲጮኹ ቆይተዋል። ከክቡ መሃል ግርማቸው ተዘርግቷል። አንድ እግሩ እግር ወደማይዞርበት ዞሯል። እትዬ ዘርፌ አዩት። አይተውት እንኳ እልልታዋ ወዲያው አልቆመችም፤ ዓይናቸው ያየውን አፋቸው እስኪሰማ ጥቂት ጊዜ ቀጠለች። ያን የቀጠለችውን ነው ሰው ሁሉ የሰማው። አሁን እንኳ ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

ግርማቸውን በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ አውርደው መሃል ሜዳ ከተማ ሐኪም ቤት ወሰዱት። እግሩ ዳነ፤ ግን ጠምዘዝ ብሎ ዳነ። የደብረ ብርሃኑ ነገር እዚያው ቀረ። ለእግሩ ሸዋንግዛውን የወቀሰው ሰው የለም፤ ሜዳው ረጥቧል፣ የፍልፈል ጉድጓድ አለው፣ ማንም ይወድቅበታል። የእልልታው ነገር ግን አፍ አገኘ። በገበያ እትዬ ዘርፌ ሲያልፉ «በልጇ ስብራት እልል ያለችው» የሚል ሹክሹክታ ተጀመረ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ባለቤት የለውም። ሁላችንም እዚያው ቆመን አብረን ስንጨፍር እንደነበር ግን ማንም አላነሳም። ማፈር የነበረበት ሕዝቡ በሙሉ ነው፤ እፍረቱን ለአንዲት ሴትና ለአንድ ሰው ትተንላቸው ወደየቤታችን ገባን።

ሸዋንግዛው መጀመሪያ እፍረቱን የሚያስረክብበት ቢሮ ፈለገ። በመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ ድክመቱን ሲናገር፣ አንዱ ማርፈዱን፣ ሌላው ሪፖርት ማዘግየቱን ሲናዘዝ፣ እሱ ተነሥቶ «ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ አንዲት እናት አዋረድኩ» አለ። ሰብሳቢው ግራ ተጋብተው «ጓድ ሸዋንግዛው፣ ይህ የስፖርት ጉዳይ ነው፤ ከግብርናው ዕቅድ ጋር አይያያዝም» አሉትና ወደሚቀጥለው ተሻገሩ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሱ ሲቀመጥ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌ ለመነ። ሦስት ሽማግሌዎች ቀድመው፣ እሱ እንደ ባሕሉ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እኔም ከኋላ ሆኜ እትዬ ዘርፌ ቤት ሄድን። በሩ ላይ ተንበረከከ። እሳቸው ከደጃፉ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ከውስጥ የግርማቸው ማቃሰት ይሰማል።

«ስለ እግዜር ብለሽ ይቅር በይው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ድንጋዩን አውርድ» አሉት እትዬ ዘርፌ። «እግሩን አንተ አልሰበርከውም። ለእግሩ ይቅር ብያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ «ተመስገን» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እሳቸው እንዝርቱን አቆሙት።

«እልልታዬን ግን መልስልኝ። ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ሄደህ ከሰዉ ጆሮ ልቀመውና መልሰህ አፌ ውስጥ ክተትልኝ።»

ይህን ምን ብለው ይሸመግሉታል? ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ያገላብጡ ጀመር። ሸዋንግዛው ድንጋዩን አወረደ፤ ግን ከተንበረከከበት አልተነሳም፤ እኔና አንዱ ሽማግሌ ብብቱን ይዘን ነው ያነሳነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚያ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የቀረው አንድ ሥራ የእትዬ ዘርፌን እልልታ መመለስ ብቻ ሆነ። እንዴት እንደሚመለስ ግን አያውቅም ነበር።

ማይክራፎኑን ለቀበሌው መለሰ። ሜዳ መምጣት ተወ። ከተረተር ላይ የሚጣራበትን ድምፁን እንኳ ሰው አጣው፤ ለክትባት በየቤቱ እየዞረ ዝቅ ብሎ ይናገር ጀመር። ኋላ ሞባይል አካባቢያችን ገብቶ፣ ደብረ ብርሃን ያለ የሬዲዮ ጣቢያ ከደጋው የጨዋታ ውጤት በስልክ የሚያቀብል ሰው ሲፈልግ፣ ሸዋንግዛውን ጨቅጭቄ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከዝምታው ይወጣ መስሎኝ ነበር። እሺ አለ፤ ግን ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው አለ።

አልቀለደም። ለሁለት ደቂቃ ዘገባ ብሎ ዘመሮ ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ ለራቤል ጨዋታ በዋዜማው ተነሥቶ ያገኘው ጭነት መኪና ላይ ይሳፈራል። ከዚያ በሬዲዮ እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛዋ ጎል ስትገባ ፊቴን ከነፋሱ አዙሬ ነበር፤ ስለዚህ አላየኋትም። ገብታለች ያለኝ የመስመር ዳኛው ነው።» ሌላ ጊዜ ደግሞ «ዝናብ ስለነበር ማን እንዳቀበለ ለይቼ አላየሁም፤ ይቅርታ» ይላል። በየጠጅ ቤቱ መሳቂያ ሆነ። ሰው ሚስቱ «የት አመሸህ?» ስትለው «አላየሁም፣ ይቅርታ» ይላል ተባለ። አዝማሪ ሳይቀር ገጠመበት። እሱ ይሰማል፤ አይቆጣም። የሚገባው ቅጣት የመጣለት ይመስለው ነበር።

አንድ ጊዜ ጣቢያው ቋሚ የስፖርት ጋዜጠኛ ሊቀጥር ፈለገና ጠራው። አብሬው ሄድኩ። አንዲት ጠባብ ክፍል አስገብተው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረጉለት። ፈታኙ ጥሩ ልጅ ነው፤ በመስታወቱ ማዶ ሆኖ «በል ጋሽ ሸዋንግዛው፣ አንድ ጨዋታ በሐሳብህ ፍጠርና ሦስት ደቂቃ አስተላልፍ» አለው። ሁሉንም ተፈታኝ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ሸዋንግዛው ዝም አለ።

«ጀምር እንጂ።»

«ሜዳው የለም» አለ።

«አስበዋ! ሁለት ቡድን አስብ፣ ሕዝብ አስብ።»

«አንድ ጊዜ አስቤ ነበር» አለ ሸዋንግዛው። ማዳመጫውን አውልቆ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ፈታኙ ወደ እኔ ዞሮ «ጤነኛ ነው?» አለኝ። እኔ በእሱ አፈርኩ፤ በፈታኙ አፈርኩ፤ በራሴም አፈርኩ። በአውቶቡሱ ስንመለስ ጣርማ በርን አለፍን። ከዚያ ብስጭቴ ገነፈለና «ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት! ሰውስ ይቅር ብሎሃል፣ አንተ ራስህን ለምን አትምርም?» አልኩት።

«እሳቸው እልል ሲሉ ከሰማሁ በቃኝ» አለኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ የፈለጋችሁትን አወራላችኋለሁ።»

ይህን ሲል ነው የገባኝ። ጥምቀት ሲወጣ፣ ማኅበር ሲጠራ፣ ሰርግ ሲኖር፣ ሥራ ካልያዘው በቀር እትዬ ዘርፌ ካሉበት የሚገኘው ለዚህ ነው። ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ አንገቱን ይደፋል፤ ያዳምጣል። እሳቸው ግን ዝም ናቸው። ሌሎቹ ሴቶች እልል ሲሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ያቺ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ድምፅ የለችም።

ግርማቸው ሲያገባም እንዲሁ ሆነ። ልጁ ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ኑሮው ደህና ነው፤ ሲሄድ ያነክሳል። ሸዋንግዛውን የጠራው እሱ ራሱ ነው፤ «ጋሼ ካልመጣህ አላገባም» ብሎት። ሙሽራይቱ ዳሱ ውስጥ ስትገባ እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ሸዋንግዛው አጠገቤ ነው፤ እንጀራውን እንደጠቀለለ እጁ ቆመ። ቆይቶ ጠጋ አለኝና «የለችበትም» አለኝ።

«በጩኸቱ መሃል እንዴት ትለያታለህ?»

«እለያታለሁ። በልጃቸው ሰርግ እንኳ!» አለና እጁን ሳይታጠብ ወጣ።

አንድ ጊዜ ዘመሮ ላይ፣ በእህታቸው ልጅ ሰርግ፣ እትዬ ዘርፌ እልል ብለዋል መባሉን ሰምቼ እየሮጥኩ ነገርኩት። በግ እየከተበ ነበር።

«አንተ ሰምተሃል?»

«እኔማ አልነበርኩም፤ ሰው ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያው ተወው» አለኝና ወደ በጉ ተመለሰ።

እኔ ከዚያ በኋላ ተዛውሬ ከሞላሌ ወጣሁ። በስልክ እንገናኝ ነበር፤ ስለ ሳንባው ሕመም ሳይሆን ስለ በጎቹ ሕመም ያወራኛል። የሬዲዮዋ ልጅ ሞቱን ስትናገር ቀብሩ አልፏል። ለሰልስቱ ደረስኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ኳስ ተጫዋቾቹ አሁን ሆዳቸው ገፋ ገፋ ያለ አባቶች ናቸው። ግርማቸው እያነከሰ ውኃ ያቀርባል። አመሻሹ ላይ ሰው ሲሳሳ እትዬ ዘርፌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ሲያለቅሱ ቆይተው ድምፃቸው ጎርንኗል።

አላስችል ብሎኝ ወጣኝ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... እልልታዎን አንድ ጊዜ ሳይሰማ ሞተ። እሱ የሚፈልገው እሱን ብቻ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«የምን እልልታ?»

«ከዚያ ከጉሙ ቀን ወዲህ እልል ብለው አያውቁም አይደል?»

«ማን ነው እንዲህ ያለህ?» አሉኝ። «ለልጅ ልጄ ክርስትና ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ብያለሁ። ዘመሮ ለእህቴ ልጅ ብያለሁ። ለኪዳነ ምሕረት ብያለሁ።»

«በግርማቸው ሰርግስ?»

«ሸዋንግዛው ተቀምጦ?» አሉ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «እሱ ተቀምጦ እንዴት እልል ልበል? ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን ሊያየው! ያቺን ቀን ሊያነሱበት! እሱ ባለበት አፌን ይዤ ነው የኖርኩት፣ እንዳያፍር ብዬ። የልጄን ሰርግ ጥርሴን ነክሼ ነው ያሳለፍኩት።»

እሱ ለእሳቸው አፍሮ፣ እሳቸው ለእሱ አፍረው፣ ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔም ከመሃላቸው ሆኜ ወጥ ስበላ ኖሬያለሁ።

«ታዲያ ያ ያሉት ቃልስ? እልልታዬን መልስልኝ ያሉት?»

«ልጄ ጓዳ ውስጥ እያቃሰተ! የተቃጠለች እናት የማትለው ምን አለ?» አሉና እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «በማግስቱ ተጸጽቼ ልነግረው አሰብኩ። ለክትባት በመጣ ቁጥር ጠላ ይዤ አጠገቡ እቆም ነበር፤ 'ልጄ፣ ተረሳ እኮ' ልለው። እሱ አንገቱን በጉ ላይ ደፍቶ 'ሌላ አለ እትዬ? ሌላ አለ?' ይለኛል። አልቀመስም ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ቀና ቢል እኮ አፌን ሳልከፍት ይገባው ነበር። ስንት ክረምት አለፈ፣ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ ፊቴን አላየውም።»